በፓይተን ብር የምትቆልፉ፣ ይህን ቀድማችሁ ስሙ

ለአንድ የቁጠባ ማኅበር በፓይተን ፕሮግራም ስንሠራ ፍላጎቴ አንድ ነበር። የአባሉን ቀሪ ገንዘብ ማንም ከውጭ በቀጥታ እንዳይቀይረው። ብር የሚገባውም የሚወጣውም በፈንክሽን በኩል ብቻ።

ክላሱን (የአባሉን መረጃና ፈንክሽኖች አንድ ላይ የሚይዘውን የኮድ ንድፍ) «ሒሳብ» አልኩት (ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል)። ኮርስ ላይ «ከስም ፊት ሁለት አንደርስኮር (__) ካደረጋችሁ ፕራይቬት፣ ማለትም ከውጭ የማይነካ፣ ይሆናል» ተብለናል። ስለዚህ ቀሪ ገንዘቡን __ቀሪ አልኩት። ከውጭ ላነበው ስሞክር ኤረር ሰጠኝ። ጥሩ ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ ባልደረባዬ ወለድ የሚያስብ «ቁጠባ» የሚባል ክላስ ከ«ሒሳብ» አስወረሰ፤ ማለት ወራሹ የወላጁን ኮድ ይዞ የራሱን ይጨምራል። ቀሪውን የሚያሳየውን ፈንክሽን ጠራ፣ ወለዱን ደመረ፣ ድምሩን መልሶ __ቀሪ ላይ ጻፈ። ኤረር የለም። ሪፖርቱ ግን ያንኑ የድሮውን ብር ያሳያል። ወለዱ የት ገባ? ስሌቱን ፈተሽን። ዳታቤዙን ጠረጠርን። ትንሽም ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ኦብጀክቱ (ከክላሱ የተፈጠረው የአንድ አባል ሒሳብ) የያዘውን ሁሉ ፕሪንት ስናደርግ ሁለት ቀሪ ቁጭ ብሏል፦ _ሒሳብ__ቀሪ እና _ቁጠባ__ቀሪ።

ለካ ፓይተን ምንም አልቆለፈም። ሁለት አንደርስኮር ሲያይ የክላሱን ስም ከፊት ይለጥፍበታል፣ በቃ። ዓላማው ወራሹ ክላስ ሳያውቅ በተመሳሳይ ስም የወላጁን እንዳያጠፋ ነው። ወራሹ __ቀሪን ሊያነብ ቢሞክር ኤረር ይጮህ ነበር፤ ሲጽፍ ግን ድምፁን አጥፍቶ አዲስ ይፈጥራል። ሙሉ ስሙን ያወቀ ደግሞ ከውጭም እንዳሻው ይለውጠዋል። የፓይተን ቱቶሪያል ራሱ ከውጭ ፈጽሞ የማይነካ ፕራይቬት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። ታዲያ አስተማሪያችን የጃቫን፣ የሌላ ፕሮግራሚንግ ቋንቋን፣ ሕግ ምን አድርጉ ብሎ እዚህ አመጣብን? እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን አንድ አንደርስኮር ብቻ ነው የምጠቀመው፣ _ቀሪ። ቁልፍ ሳይሆን «ከውጭ አትንኩ» የሚል ምልክት ነው። ለንባብ ሴተር (ዋጋ የሚቀይር ክፍል) የሌለው ፕሮፐርቲ (እንደ ተራ ስም የሚነበብ ፈንክሽን) እሰጠዋለሁ፤ በ«ቀሪ» በኩል ሊቀይር የሞከረ ኤረር ይቀበላል። ስሎትስንም (__slots__፣ ኦብጀክቱ የሚይዛቸውን ስሞች አስቀድሞ የሚወስን ዝርዝር) በሁለቱም ክላሶች ላይ አደርጋለሁ። ወላጁ ላይ ከሌለ ወራሹ ላይ ብቻ ማድረግ አዲስ አትሪቢዩት (ኦብጀክቱ ላይ እንደ _ቀሪ ያለ ስም) ከመፍጠር አያግድም። ሁለቱም ላይ ኖሮ ቢሆን ያ ሁለተኛ ቀሪ ገና ሲፈጠር እጅ ከፍንጅ ይያዝ ነበር።

ፔፕ 8 (የፓይተን ኮድ አጻጻፍ መመሪያ) ቀላል ዳታ ከሆነ ክፍት ተዉት፣ ፕሮፐርቲ ሲያስፈልግ ይጨመራል ይላል። ለስምና ለስልክ ቁጥር እሺ። ለብር ግን አልሰማውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ነው የምዘጋው። _ቀሪን ሆን ብሎ የሚነካ ካለ ኮድ ሪቪው ላይ፣ ኮዱን አብረን ስንፈትሽ፣ እንገናኛለን።