ሲአርፒ ዕድሜ አይቆጥርም

ድሬ ላይ ላብራቶሪ ከሠራህ ሰፈሩ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ አንተ ጋ ነው የሚመጣው። የስኳሩንም፣ የኮሌስትሮሉንም፣ የታይፎይዱንም። አሁን አሁን ደግሞ ሳንባቸውን የሚያማቸው ሰዎች የሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን) ውጤት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ "ይሄ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ልሞት ነው እንዴ?"

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። ድሮ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ሲጋራውን ከጉርምስና ጀምሮ ይዘውት ቆይተዋል፤ አሁን ከከዚራ ተነስተው ደቻቱን ተሻግረው መጋላ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ቆም እያሉ ነው። ስልክ ላይ የሆነ ቪዲዮ አይተው መሰለኝ፣ "ልጄ፣ የሳንባ በሽተኛ ዕድሜው በደም ይታወቃል ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉኝ። አቦ፣ ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ።

ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ (እኛ ሁሉንም "አስም" ብለን እንገላገላለን) የአየር ቱቦውን ያጠባል፣ የሳንባውን ከረጢቶች ያበላሻል። ብግነቱ (የሰውነት መቆጣቱ) ግን ብዙ ሰዎች ላይ ደም ውስጥም ይታያል። ነጭ የደም ሕዋስ ይጨምራል፤ ጉበት የሚያመርታቸው ሲአርፒ እና ፋይብሪኖጅን ከፍ ይላሉ፤ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውም እንዲሁ። ኤክሊፕስ የሚባል ትልቅ ጥናት በ12 አገሮች ታማሚዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጡት ውጤቶቹ አንዱ የ1,755 ሰዎችን ደም በስድስት አመልካቾች አየ። 16 በመቶ የሚሆኑት መጀመሪያም፣ ከዓመት በኋላም ብግነታቸው አልወረደም። 30 በመቶዎቹ ደግሞ ምንም አልታየባቸውም። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 13 በመቶ ሲሞቱ፣ ከሁለተኛዎቹ የሞቱት 2 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልክድም።

ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ደማቸው "ተቆጥቷል" ከተባሉት ውስጥ 87 በመቶዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ጋሼ ከየትኛው ወገን እንደሚሆኑ ወረቀቱ አይነግረኝም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያው ጥናት ዕድሜን፣ ከዚህ በፊት ሆስፒታል መተኛትን እና ቦዴ የሚባለውን የበሽታውን ክብደት መለኪያ (በኋላ እመለስበታለሁ) አንድ ላይ ይዞ ማን እንደሚሞት ሲገምት፣ የግምቱ ትክክለኛነት 0.69 ገደማ ነበር። 0.5 ማለት ሳንቲም መወርወር ነው፤ 1 ማለት ፈጽሞ አለመሳሳት። የደም አመልካቾቹን በሙሉ ሲጨምሩበት ወደ 0.73 ገደማ ከፍ አለ። ያ ሁሉ የደም ምርመራ ያመጣው ለውጥ ይሄን ያህል ነው። ለተመራማሪ ጥሩ ነው፤ ከኪሱ ከፍሎ ለሚመረመር ጡረተኛ ግን ምኑም አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2015 ፋይብሪኖጅንን ለዚህ በሽታ ሲቀበለው፣ ለመድኃኒት ሙከራ ተሳታፊ ለመምረጥ እንዲያገለግል ነው እንጂ ለአንድ ታማሚ ዕድሜውን ለመንገር አይደለም።

እኛ አገር ሲሆን ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። ኮፐንሀገን ውስጥ በተደረገ ጥናት ሲአርፒያቸው በሊትር ከ3 ሚሊግራም በላይ የሆነ ታማሚዎች ሆስፒታል የመተኛትም የመሞትም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ኮፐንሀገን ነው እንግዲህ። ድሬ ላይ ወባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንዳስተኛው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሲአርፒ ከ3 በላይ ለመውጣት የጥርስ መመረዝም ይበቃዋል፤ ውፍረትም ከፍ ያደርገዋል። ሲጋራ ራሱ ነጭ የደም ሕዋስን ይጨምራል። ስለዚህ አንዴ የተሠራ ሲአርፒ ይዛችሁ እንቅልፍ አትጡ። ይልቅ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ከሁሉም በፊት የአክታ የቲቢ ምርመራ ይሠራ።

ኤክሊፕስ ላይ ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ታማሚዎቹ በሙሉ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ ሰዎች ናቸው፤ ከ12ቱ አገሮች አንዱም አፍሪካ ውስጥ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ጭስ በሞላበት ማድ ቤት እንጀራ የጋገሩ፣ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች እዚያ ውስጥ የሉም። እኛ ጋ ደግሞ እያፏጨ የሚተነፍስ ደረት ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ደረታቸው ሲያፏጭ "ብርድ ነው" ይባላሉ።

ታዲያ የደም ወረቀቱ ዋጋ የለውም ወይ? አለው። ግን ውዱ ምርመራ ላይ አይደለም፤ መሳቢያችሁ ውስጥ የተቀመጠው ተራው ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ላይ ነው። መጀመሪያ ሄሞግሎቢንን እዩ። ዝቅ ካለ ትንፋሽ ማጠሩ ከሳንባው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ደም ማነስ ደግሞ ይታከማል። በጣም ከፍ ካለ፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው፣ ሰውነቱ ኦክስጅን አንሶት ቀይ ሕዋስ እያበዛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ኦክስጅኑን ቢለካለት ደግ ነው።

ቀጥሎ ኢኦሲኖፊል፣ ከነጭ የደም ሕዋስ ዓይነቶች አንዱ። ይቺን መስመር ማንም አያያትም፣ እኔ ግን በጣም ነው የምወዳት። ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ሕክምና ስለምትናገር። በሽታው ቶሎ ቶሎ የሚነሳበት ሰው በማይክሮሊትር 300 እና ከዚያ በላይ ካለው፣ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ የመጥቀም ዕድሉ ሰፊ ነው። ከ100 በታች ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ የሳንባ ምች የማምጣት አደጋው ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የሚባለው መርፌም ይቺን ሕዋስ ከፍ ላለባቸው ነው (ዋጋውን አትጠይቁኝ)። አሁን የእኛን አገር ነገር ጨምሩበት፦ የአንጀት ትል ኢኦሲኖፊልን ያንራል። ስለዚህ 500 አይታችሁ "ፓፉ ይታዘዝልኝ" ከማለታችሁ በፊት ሰገራም ይታይ። ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው) እየወሰደ ያለ ሰው ደግሞ ኢኦሲኖፊሉ ወርዶ፣ ነጭ ሕዋሱ ወጥቶ ይገኛል። ለሐኪሙ ሳይነግሩት ከቀሩ ወረቀቱ ያሳስታል።

ወደ ዕድሜ ጥያቄ ስመለስ፣ ከደም ይልቅ የሚናገሩት ተራ ነገሮች ናቸው። ቦዴ ያልኳችሁ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። አራት ነገር ያያል፦ ክብደት ከቁመት አንጻር፣ የአየር ቱቦው መጥበብ፣ የትንፋሽ ማጠር ደረጃ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት። ከአራቱ ሦስቱ ሚዛን፣ ሰዓት እና ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ለዚህ ነው ጋሼን "መክሳትዎ ነው የሚያሳስበኝ" ያልኳቸው። ሱሪያቸው በቀበቶ ነው የቆመው። በርጫው ላይ ሲቀመጡ ምሳ ይረሳሉ፤ እዚያ ክፍል ደግሞ የሌላውም ሰው ጭስ አለ፣ መስኮቱም ይዘጋል። ሲአርፒውን ከሚያስደግሙ ምሳቸውን ቢበሉ እመርጣለሁ። አልኳቸውም። ሳቁብኝ።

ዕድሜ እንደሚያስረዝሙ በጥናት የታዩት ነገሮችም በጣም ጥቂት ናቸው። ሲጋራ ማቆም፣ አንደኛ። ሁለተኛ፣ ኦክስጅናቸው በጣም ለወረደ (እረፍት ላይ እያሉ 88 በመቶ እና ከዚያ በታች ለሆነ) በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ማግኘት፤ ይሄ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 በወጡ ሁለት ጥናቶች የታወቀ ነው። እኛ ከተማ 15 ሰዓት ኦክስጅን ከማሽኑ ዋጋና ከመብራቱ ጋር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ ስትጠቀሙ ደግሞ የት እንዳላችሁ አስቡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ 1,900 ሜትር ገደማ ናችሁ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ ማሽኑ ተበላሸ አትበሉ።

ሰሞኑን ከሲአርፒው ጋር ሌላ አራት አምስት ምርመራ ደርቦ "የሳንባ ፓኬጅ" ብሎ የሚሸጥ ቦታ አይቻለሁ። ስም አልጠራም። ውስጡ ግን ስፓይሮሜትሪ (በመንፋት የሚሠራው የትንፋሽ ምርመራ) የለም! በሽታው መኖሩ የሚረጋገጠው እኮ በእሱ ነው፦ ቱቦ የሚከፍተውን ፓፍ ከወሰዱ በኋላ ነፍተው፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ0.70 በታች ሲሆን። ዓመታት ሙሉ "አስም" ተብሎ ሳልቡታሞል የሚነፋ፣ አንዴም ያልተለካ ሰው ሞልቷል። ገንዘባችሁን ለአንድ ምርመራ ብቻ የምታወጡ ከሆነ ለዚህ አውጡት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጠዋት ፓፉን መውሰድ አለብኝ ወይስ ይቅር፣ አፍ ላይ የሚገባው ቱቦስ አለ ወይስ አልቋል። ማሽኑ ቆሞ ቱቦው የሚያልቅበት ጊዜ አለ።