ከጠረጴዛው ያነሳሁት ብርጭቆ

ይህን የምጽፈው በመጪው ዓመት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሳይንስና ፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ ለሚሄዱ መምህራን ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ሙከራው ቀላል ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ዝናብ ሲጥል የኩልፎ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል። የሳይንስ ክበባችን ሦስት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ፍሬ ሊያጠሩት ተነሱ። ፍሬውን ልጠው ወቀጡት፤ በጥቂት ውሃ በጥብጠው አጠለሉት፤ ከድፍርሱ ጋር መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ አማሰሉት። የፍሬው ፕሮቲን አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው አሉታዊ ቻርጅ ያለውን የጭቃ ብናኝ እየሳበ ያያይዘዋል፤ የተያያዘውም ከብዶ ይዘቅጣል። ውሃው ሲጠራ ልጆቹ ጮኹ።

አንዷ ተማሪ ግን ማንም ሳያዛት ሽፈራው ያልገባበት ብርጭቆም ከጎን አስቀምጣ ነበር። በዐውደ ርዕዩ ዋዜማ ሌሊት እሱም በራሱ ጊዜ ግማሽ ያህል ጠርቶ አደረ። ጠዋት ሳየው ደነገጥኩ፤ ሥራችንን የሚያሳንስ መሰለኝ። ከጠረጴዛው አነሳሁት።

የተላከልን መመሪያ ማሳያው ማራኪ እንዲሆን ደጋግሞ ያሳስባል። ቅጹ ላይ የፈጠራው ስም፣ ዋጋና ጥቅም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ያልተሳካ ሙከራ የሚጻፍበት አንድ መስመር እንኳ የለም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ብርጭቆውን ያነሳው እጅ ግን የእኔ ነው።

ዳኛው መጡ። ልጆቹ ያስጠናኋቸውን በቃላቸው ተናገሩ። ዳኛው ጠረጴዛውን ቃኝተው፣ «ውሃው ዝም ብሎ ቢቀመጥስ አይጠራም?» አሉ። ሁለቱ አቀረቀሩ። ሦስተኛዋ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ከዚያ «የሚያሳይ ብርጭቆ ነበረን፤ መምህራችን አንስተውት ነው» አለች። ዳኛው ጽፈው ሄዱ።

ይህም አልበቃ፤ አብሮን የመጣ አንድ ኃላፊ ልጅቷን ወደ ጥግ ወስዶ፣ በዳኛ ፊት እንደዚያ አይባልም ብሎ ገሠጻት። አጠገባቸው ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሽልማቱን ረስቼዋለሁ፤ ያ ዝምታ ግን አልወጣልኝም።

ስለዚህ መመሪያው ያሻውን ይበል፣ ባለቀለም ወረቀቱን ተዉት። ማሳያውን ልጆቹ በገዛ እጃቸው ይጻፉት፤ የፊደል ግድፈቱም ይቆይ። ንግግር አታስጠኗቸው። ያልሠራውን ሙከራ ከሠራው ጎን አስቀምጡት፤ የየዕለቱ መዝገብም ከጠረጴዛው አይጥፋ። ውሃ የሚያጠሩ ከሆነ ደግሞ የጠራ ሁሉ እንደማይጠጣ፣ መፍላት እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከጎብኚዎች አንዷ እናት ብርጭቆውን አንስተው ሊቀምሱ ሲሉ ለጥቂት ነው የደረስኩት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት በእረፍት ሰዓት ፈለግኳት። ክፍል ውስጥ አገኘኋት። መስኮቱ ላይ ስምንት ብርጭቆ ደርድራ፣ ሰዓት እያየች በየ10 ደቂቃው ትመዘግባለች። አራቱ ላይ «ያለ ሽፈራው» ብላ በትልቁ ጽፋለች።