መብራቷም ትጠፋለች፣ ሞተሩም ይጠፋል

መኪናዋ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ 1ዜድአር-ኤፍኢ። ውኃ ጨርሳ ስትነዳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣመመና ሞተሩ እንዳለ ይቀየር ተባለ። ያገለገለ ተመሳሳይ ሞተር ከሶማሌ ተራ ተገዛ፤ ሻጩ ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተርም ጨምሮ ሰጠ። አሮጌው ሞተር በልዋጭ ሲሄድ የመኪናዋ የራሷ ኮምፒውተር አብሮት ሄደ። ጥፋቱ የተሠራው ያን ዕለት ነው፤ ማንም ግን ልብ አላለውም።

ሞተሩ ተገጥሞ ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ ጭጭ። ቢደጋግሙትም ያው። መካኒኩ ቤንዚን ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ግፊቱ ሲለካ ከ3 ባር በላይ ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ታዩ፣ ደህና ናቸው። የሞተሩን ዙር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር ሊገዛ ሲል ኤሌክትሪሺያኑ አስቆመው። ሞተሪኖው ሲያዞር የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነበው ስካነር ላይ የሞተር ዙር ከታየ ሴንሰሩ እየሠራ ነው። ብር ከማውጣት በፊት የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል።

«ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም ባልታወቀ ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው የሌባ መከላከያ፣ ይሆን እንዴ?» የሚል ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነስቶ ነበር። «አይደለም፤ ቁልፉ ሲገባ የኢሞቢላይዘሩ ቀይ መብራት ትጠፋለች» ተብሎ ታለፈ። ሁለት ቀን ያስበላው ይህ መልስ ነው።

በዚህች ኮሮላ ላይ መተዋወቅ ያለበት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕና ከዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የኢሞቢላይዘር ቦክስ ይተዋወቃሉ። መብራቷ የምትጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የምትመሰክረውም ለዚህ ብቻ ነው። ቀጥሎ ቦክሱና የሞተሩ ኮምፒውተር በሚስጥር ኮድ ይጠያየቃሉ። ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የቀድሞ ጓደኛውን ኮድ ስለሚጠብቅ መልሱ አይጥመውም፤ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይዘጋል። መብራቷ ስለዚህ ጠብ አንዳች አታውቅም።

የቶዮታን የራሱን የብልሽት ኮዶች የሚያነብ ስካነር ሲመጣ ቢ2799 ወጣ፤ ትርጉሙ ይኸው ሁለተኛው ትውውቅ ከሽፏል ነው። ርካሹ ማንበቢያ «ምንም ኮድ የለም» ሲል ነበር የሰነበተው። መብራቷ ቁልፍ ገብቶም ብልጭ ድርግም የምትል ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቁልፉ፣ ወይም በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ወዳለው አንቴና ይሄድ ነበር፤ ኮዶቹም ከቢ2793 እስከ ቢ2796 ባሉት ውስጥ ይሆናሉ።

መፍትሔው አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። ከመሪው ሥር ያለው የመመርመሪያ ሶኬት 16 ቀዳዳ አለው፣ ሰፊው ረድፍ ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ ከላይ ከ1 እስከ 8፣ ከታች ከ9 እስከ 16። ቁልፉ ተዘግቶ 4 እና 13 በሽቦ ይገናኛሉ። 13 የሚገኘው ከ5 ሥር ነው። 16ን አትንኩ፤ የባትሪ ቀጥታ መስመር ነው፣ 4 ደግሞ መሬት ስለሆነ ሁለቱ ከተነካኩ ፊውዝ ይበላል። ወፍራም ሽቦ መጠቅጠቅም የሶኬቱን ከንፈር ከፍቶ ያስቀራል፤ በኋላ ስካነር አልገናኝ ሲል ጥፋተኛው አይታወቅም።

ከዚያ ቁልፉ ሞተሩ ሳይነሳ ይከፈትና 30 ደቂቃ ይቆያል። ባትሪው እንዳይደክም ፋኑም ሬዲዮውም መብራቱም ይጥፋ፣ ባትሪው ከቻርጀር ጋር ቢታሰር ይሻላል። የሞተር፣ የኤቢኤስና የኤርባግ ምልክቶች አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። ይህ ሽቦው በትክክል መግባቱን ነው የሚያሳየው። ረዳቱ ግን ይህን አላወቀም። 20ኛው ደቂቃ አካባቢ «መኪናዋ ልትቃጠል ነው» ብሎ ቁልፉን አጠፋው። ሞተሩ ያው ተነስቶ ጠፋ። ግማሽ መንገድ የተሄደበት አይቆጠርም፤ እንደገና ከዜሮ 30 ደቂቃ ተቆጠረ። ቁልፉ ጠፍቶ ሽቦው ወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሥራውንም ቀጠለ።

ቢ2799 ከሙሉ 30 ደቂቃ በኋላም ቢመለስ ኖሮ ቀጣዩ ፍተሻ በቦክሱና በኮምፒውተሩ መካከል ያሉት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ሞተር ሲወርድ ሶኬት ውስጥ እግር (ፒን) መታጠፉ የተለመደ ነው። በ89661 የሚጀምረው የኮምፒውተሩ ቁጥርም ከመኪናዋ ጋር መመሳሰል አለበት፤ የማንዋል ኮምፒውተር ለአውቶማቲክ አይሆንም።

ይህች ዘዴ ለሁሉም ቶዮታ አትሠራም። የመጀመሪያዎቹ ያሪሶችና የዘመናቸው ሌሎች ሞዴሎች የቁልፉን ኮድ የሚያስቀምጡት በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ባለች ባለ 8 እግር ሜሞሪ ላይ ነው። እዚያ ሽቦ ማገናኘት ጊዜ ማባከን ነው፤ ወይ የራሷ ኮምፒውተር ይመለሳል፣ ወይ የሜሞሪዋ ይዘት ወደ አዲሱ ይገለበጣል። «ኢሞቢላይዘሩን እናጥፋው» የሚሉም አሉ፤ ይቻላል፣ መኪናዋ ግን በማንኛውም በተቀረጸ ብረት የምትነሳ ትሆናለች። ደግሞስ ለምን? የሞተሩ ዓይነት አንድ እስከሆነ ድረስ የሞተሩ ብረት ውስጥ ኢሞቢላይዘር የሚባል ነገር የለም፤ የራሷ ኮምፒውተር እንዳለ ቢተው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የኮሮላዋ ሁለተኛ ቁልፍም ተሞክሮ ሠራ፤ ቁልፎቹ የተመዘገቡት ቦክሱ ላይ ስለሆነ አዲስ መቅረጽ አላስፈለገም። የቀረው የሞተሩን ቁጥር በሊብሬው ላይ ማስቀየር ነበር።