ውሃውን የሚገዛ ፍሳሹንም ይግዛ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ ነው፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ። እዚያ ውሃውንም ፍሳሹንም የያዘው የግል ኩባንያ ነው። ቢሉ በየጊዜው ይጨምራል፣ ሰው ተማሯል፣ አሁን ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ኩባንያውን ልግዛው ብሎ ነዋሪውን ስብሰባ ጠርቷል። ደውላ «አንቺ ብትሆኚ ትደግፊያለሽ?» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ውሃ ሰምቶ የሚያልፈው ወሬ አይደለም።

እኛ ጋ የከተማ ውሃ የመንግሥት ነው፣ ከዚያ ውጪ የማን ይሆናል ብሎ የሚያስብም የለም። እነሱ ጋ ግን ብዙ ቦታ ነገሩ የሚጀምረው ሰፈሩን ከሠራው ቤት ገንቢ ነው። ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራል፣ ቤቶቹን ሸጦ ሲጨርስ ደግሞ የውሃውን ሥራ ለትልቅ ኩባንያ ይሸጠዋል። ኩባንያው ታሪፉን እንዳሻው መጨመር አይችልም፣ የሚያጸድቅ የግዛቱ ኮሚሽን አለ። ግን ባፈሰሰው ገንዘብ ላይ ትርፍ እንዲያገኝ ይፈቀድለታል። ደንበኛውስ? አልተመቸኝም ብሎ ከሌላ ቧንቧ መቀጠል አይችልም።

መንግሥት ይግዛው የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ከተማ ትርፍ የሚያከፋፍለው ባለአክሲዮን የለበትም፣ ብድርም በዝቅተኛ ወለድ ያገኛል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን የግዢው ብር ከሰማይ አይወርድም። ተበድረው ነው የሚከፍሉት፣ ብድሩን የሚመልሰው ደግሞ ያው ቢል ከፋዩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ምን እየገዛን ነው የሚል መሆን አለበት አልኳት።

ሞንታና ግዛት ውስጥ ሚዙላ የምትባል ከተማ አለች። ውሃዋ የግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ካርላይል የተባለ ትልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው፣ ቆይቶ ደግሞ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ከተማዋ ሽጡልኝ ብትል ስላልተስማሙ በ2014 ፍርድ ቤት ሄደች፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ካሳ ከፍሎ የግል ንብረት መውሰድ የሚፈቅደውን ሕግ ይዛ። ክርክሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2016 ፈረዱላት፣ በ2017 ተረከበች። ንብረቱ የተተመነው 88.6 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ የጠበቃው ወጪ ለብቻው። የተረከበችው ታዲያ ከሚገፋው ውሃ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ የሚፈስበት ያረጀ መስመር ነበር። እንዲያም ሆኖ ልክ ሠርታለች እላለሁ። ቢያንስ አሁን ቧንቧው ለምን አልተጠገነም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከንቲባው ቢሮ መሄድ ይችላል። የበርሊን ደግሞ ይብሳል። በ1999 የውሃ ድርጅቷን 49.9 በመቶ ለግል ኩባንያዎች ሸጠች፣ ውሉ ተደበቀ፣ በ2011 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ውሉ ይውጣ አለ። እስከ 2013 ድርሻውን መልሳ ለመግዛት ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የፍሳሹ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ስታወራኝ ፍሳሹን አንዴ ብቻ ነው የጠራችው፣ ቢሉ ላይ ለብቻው ስለሚመጣ። ስብሰባው ላይም ሰው የሚከራከረው ስለ ውሃው ነው አለችኝ። ይገባኛል። ውሃ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል፣ ሰው ቆጣሪ አስገብቶ ይከፍልበታል። ፍሳሽ ከግቢ ከወጣ ማንም አያስበውም። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ግን ድሬ ይምጣ።

እኛ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሳቢያን በኩል ካሉት ጉድጓዶች ተስቦ ነው የሚመጣው። ውሃው ኖራ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፣ የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ነው የሚያረጀው። እሱን ለምደነዋል፣ ይታያላ። የማይታየው ናይትሬት ነው፣ ከሽንት ቤት ቆሻሻ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል። በአብዛኛው ግቢ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው፣ ከተማውን አዳርሶ የሚሰበስብ የፍሳሽ መስመር የለም። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፣ መኪናው እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ያለው ከፍሎ ያስመጥጣል፣ የሌለው ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል። ያ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። የከተማችን ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ጥናት የሠሩ ሰዎች ናይትሬቱን ለዓመታት ሲያነሱት ኖረዋል፣ ዋና ምክንያቱም ይሄው የሽንት ቤት ጉድጓድ እንደሆነ ጽፈዋል።

ይሄን ያነበብኩ ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት። ምክንያቱም እናቶቻችን የሚያውቁት መድኃኒት ማፍላት ነው፣ ናይትሬት ደግሞ በማፍላት አይወጣም። ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም ይወፍራል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በጡጦ ወተት የሚበጠበጥለት ጨቅላ ነው፣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አቦ፣ ይሄ እኮ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቀድሞ መነሳት ያለበት ነገር ነው! እኛ ግን ሁሌ የምንጠይቀው ፈረቃው መቼ ይደርሰናል ነው። ጀሪካንና ሮቶ ስለሞላ ውሃ አለን ብለን እንተኛለን።

ጉድጓዱ ቢበላሽ ሌላ እንቆፍራለን የሚል ካለ ሐረርን ይይ። ሐረር ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ውሃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ መውረድ ግድ ሆነ፣ በብዙ ብድርና ድካም መስመር ተዘረጋ። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ያ ሁሉ ውሃ በፓምፕ፣ በመብራት እየተገፋ ዳገት ይወጣል። መብራት ሲሄድ ውሃውም ይቆማል። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ ውሃ በመጣ ቀን ሥራ ጥለው ነው የሚቀዱት። የጠፋ ምንጭ መተካት ይሄን ያህል ያስከፍላል።

ዛሬ መልሼ ደወልኩላት። ግዢውን ደግፊ፣ ግን እጅሽን ስታወጪ ስለ ፍሳሹ ጠይቂ አልኳት። የማጣሪያው ዕድሜ ስንት ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ዝናብ ይገባል ወይ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ዋጋው ውስጥ ተቆጥሯል ወይ። ኩባንያው ውሃውን ለብቻ እሸጣለሁ ካለ ደግሞ አይሆንም በሉት፣ ወጪው የበዛበትን ጥሎባችሁ ሊሄድ ነው። «ይሄን ማንም አላነሳውም» አለችኝ፣ ጻፈችው።

እኔም የራሴን ጽፌያለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ፈረቃውን ሌላ ሰው ይጠይቅልኝ። እኔ የምጠይቀው መጣጭ መኪናው የት እንደሚደፋ፣ ያ ቦታ ከጉድጓዶቹ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የጉድጓዶቹ ናይትሬት በየስንት ጊዜው እንደሚለካ ነው። ውጤቱም በየጉድጓዱ ተለይቶ ከቢላችን ጋር ይምጣልን፣ ጡጦ የምትበጠብጥ እናት ቁጥሩን በዓይኗ ትየው።