ሚድሶመር መርደርስ፦ ሁለተኛውን ሟች ተከተሉ

የእንግሊዙን የወንጀል ተከታታይ ድራማ ሚድሶመር መርደርስን እያዩ ገዳዩን ቀድመው ለማወቅ የሚሞክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት የመጀመሪያው አስከሬን ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ነው። ሟቹ ይገኛል፣ ዋና ኢንስፔክተር ባርናቢ እራቱን ትቶ ይነሣል፣ ተመልካቹም «ይህን ሰውዬ የሚጠላው ማን ነው?» እያለ ማውጠንጠን ይጀምራል። መልሱ ግን መንደሩ በሙሉ ነው። ደራሲዎቹ ሆን ብለው ለሟቹ ስድስት ሰባት ጠላት ያዘጋጁለታል፤ አንዱ መሬቱን ተነጥቋል፣ አንዷ ባሏን፣ ቄሱ እንኳ ሳይቀር የሚደብቀው ዕዳ አለበት። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው እስከ መጨረሻው ሲንከራተት ያመሻል።

ገዳዩን የሚያሳብቀው ሁለተኛው ግድያ ነው። የመጀመሪያው ታስቦበት የተፈጸመ ነው፤ ገዳዩ ቀኑን መርጧል፣ መሣሪያውን አሰናድቷል፣ «ያን ጊዜ የት ነበርክ?» ሲባል የሚመልሰውንም አጥንቷል። ሁለተኛው ግን ዱብ ዕዳ ነው። አንድ ሰው የሆነ ነገር አይቷል። ወይ ለፖሊስ ከመናገር ይልቅ ገንዘብ ሊያገኝበት ፈልጓል፣ ወይ ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ራሱም አልገባውም። ገዳዩ ያለው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ በአጠገቡ ያገኘውን ያነሣል፣ በለመደው መንገድ ይሄዳል፣ ለማስመሰል ፋታ የለውም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ማን ጠላው?» ሳይሆን «ይህ ሰው ማየቱን ማን ያውቅ ነበር?» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አሥር ስም ይሰጣችኋል፤ ሁለተኛው ሁለት ወይም ሦስት። ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው መሀል ወደ ታየበት ትዕይንት ተመልሳችሁ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት ነው፤ መልሱ ደግሞ ከሚያወራው ሰው ይልቅ ጀርባውን ሰጥቶ ሒሳብ የሚከፍለው ሰው ዘንድ ነው።

ተከታታዩ ራሱ የጀመረው በዚሁ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1997 በእንግሊዙ የቴሌቪዥን ጣቢያ በአይቲቪ የተላለፈው የመጀመሪያው ክፍል የተወሰደው ካሮላይን ግሬም በ1987 ካሳተመችው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ለቴሌቪዥን የጻፈው አንቶኒ ሆሮዊትዝ ነው። ባጀርስ ድሪፍት በምትባል መንደር የምትኖር ኤሚሊ ሲምፕሰን የተባለች አሮጊት ብርቅ የኦርኪድ አበባ ፍለጋ ጫካ ገብታ ማየት የሌለባትን ታያለች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞታ ትገኛለች። እሷን የሚጠላ ሰው የለም፣ ስለዚህ «ማን ጠላት?» የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ ይከሽፋል። ለካ በቅደም ተከተሉ የመጀመሪያዋ ሟች እሷ አይደለችም፤ ከዓመታት በፊት አደን ላይ በስሕተት በጥይት ተመትታ ሞተች የተባለች ሌላ ሴት አለች። ታሪኮቹ በሚፈጸሙበት ምናባዊው የሚድሶመር አውራጃ «አደጋ ነበር» የተባለ የድሮ ሞት በወሬ መሀል ከተነሣ እሱን አንደኛ ብላችሁ ቁጠሩት።

አንዱ ክፍል ያለ ማስታወቂያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ወረቀት ይዞ ለሚያይ ሰው ወሳኙ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ነው። ስሞችን በተናጠል ሳይሆን በየቤቱ ጻፉ፤ እዚያ አገር ምስጢር የሚጠበቀው በቤተሰብ ነው። ቀጥሎ በቅርቡ ወደ መንደሩ የተመለሰ ሰው ካለ ከነምክንያቱ፣ ከዚያ ባዛሩ ወይም የአበባ ውድድሩ ላይ ማን ከማን ጋር እንደቆመ። መሣሪያውን አትጻፉ። ባርናቢ መሣሪያውን ሲያገኝ ታያላችሁ፤ ደግሞም በሚድሶመር ሹካም፣ ቀስትም፣ የወይን ጠርሙስም ለማንም ክፍት ነው።

የወንጀሉ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ውርስ ስለሆነ ስለ እንግሊዝ የኑዛዜ ሕግ ጥቂት ማወቅ ከየትኛውም ፍንጭ ይበልጣል። ዛሬም የሚሠራበት የ1837ቱ ሕግ ነው። ተናዛዡ በጽሑፍ ያደርገዋል፣ ሁለት ምስክሮች በአንድ ጊዜ ባሉበት ይፈርማል። ከምስክሮቹ አንዱ ወይም የምስክሩ ባል ወይም ሚስት ኑዛዜው ውስጥ ድርሻ ካላቸው ኑዛዜው ይጸናል፣ ያ ድርሻ ግን ይቀራል። ስለዚህ «እኔ እኮ ፈርሜላቸዋለሁ» የምትለዋ የቤት ሠራተኛ ከውርሱ የምታገኘው የለም፤ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ልታወጧት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፦ ጋብቻ ቀደም ሲል የተደረገን ኑዛዜ ይሽራል፤ ያንን ጋብቻ አስቦ የተጻፈ ካልሆነ በቀር። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ባዛሩ መሀል ጽዋውን አንሥቶ «በወሩ መጨረሻ ላገባ ነው» ሲል በአሮጌው ኑዛዜ ስማቸው ያለ ወራሾች በሙሉ በዚያች ቅጽበት የቀን ገደብ ተቆረጠባቸው ማለት ነው። ሽማግሌው ከሠርጉ በፊት ከሞተ አሮጌው ኑዛዜ ይሠራል። ከሠርጉ በኋላ ግን ሙሽራዋን መግደል አሮጌውን ኑዛዜ አይመልስም፤ የተሻረው ኑዛዜ በእሷ ሞት ተመልሶ ነፍስ አይዘራም። ስለዚህ ሟቿ ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋ ከሆነች አሮጌውን ኑዛዜ ተዉና ያለ ኑዛዜ በዝምድና ሊወርስ የሚችል ሰው ወይም ከውርስ ውጪ ያለ ምክንያት ፈልጉ። ኑዛዜ ሳይኖር የሞተ ሰው ልጆች ካሉት ደግሞ ሚስቱ የግል ዕቃውንና ከጁላይ 2023 ጀምሮ የመጀመሪያውን 322,000 ፓውንድ፣ ከዚያም ከቀሪው ግማሹን ትወስዳለች። ገዳይ ከገደለው ሰው አይወርስም፤ የሚድሶመር ገዳዮች አሟሟቱን አደጋ ለማስመሰል የሚደክሙት ከወኅኒ ለማምለጥ ብቻ አይደለም።

ሌላው ምክንያት መሬት ነው። የእርሻ መሬት የቤት ግንባታ ፈቃድ ሲያገኝ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። የአጥቢያ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሲጯጯሁ ስታዩ ግን ምክር ቤቱ ከ1894 ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ መሆኑን፣ በግንባታ ፈቃድ ላይም አስተያየት ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን እንደሌለው አስታውሱ፤ የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው። «ሊቀመንበሩ ፈቃዱን ስለከለከለ ተገደለ» የሚል መላምት እዚያው ይወድቃል።

ከክፍሎቹ ሁሉ በብልሃቱ የሚመቸኝ የ2002ቱ «ሪንግ አውት ዮር ዴድ» ነው። ሚድሶመር ዌሎ የምትባል መንደር ደወል ደዋዮች ለውድድር ሲዘጋጁ አንድ በአንድ ይገደላሉ። እኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰው ይጠራል፤ እነሱ ዘንድ ግን ከጥሪም ያለፈ የቁጥር ጨዋታ ነው። ደወሉ ሙሉ ጎማ ላይ ተሰቅሎ አፉ ወደ ላይ ይቆማል። ገመዱ ሲሳብ ሙሉ ዙር ይዞርና ተመልሶ ይቆማል። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ደዋዩ ፍጥነቱን በጥቂቱ ብቻ ማዘግየት ወይም ማፍጠን ይችላል፤ በዚህ የተነሣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ደወል በተራው ከአንድ ቦታ በላይ መዝለል አይችልም። ስድስት ደወሎች ያለ ድግግሞሽ 720 ቅደም ተከተል አላቸው፤ ያን ለመጨረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ግድም ያስፈልጋል። በሰባት ደወል ቁጥሩ 5,040 ይደርሳል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደዋዮቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ ገመድ ላይ በሱፍ የተጠቀለለ መጨበጫ አለ። አንዱ ገመዱን ቢለቅ ገመዱ እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል፣ ቅደም ተከተሉም ይፈርሳል፤ ደወል የሚያውቅ ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ ክፍተቱን ይሰማል። ከዚህ የጠነከረ «ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚል መከላከያ ማግኘት ከባድ ነው።

የሞት ሰዓት ላይ ግን ሚድሶመር ያታልላል። የአስከሬን ሐኪሙ ዶክተር ቡላርድ ጎንበስ ብሎ «ከምሽቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት» ይላል፣ ታሪኩም በዚያ ላይ ይቆማል። እውነተኛ የአስከሬን መርማሪ እንዲህ አይደፍርም። አስከሬን በተለመደ ክፍል ውስጥ በሰዓት በግምት አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል ይባላል፤ ነገር ግን ወፍራም ልብስ፣ ውፍረት፣ ክፍት መስኮት ወይም የወንዝ ውኃ ስሌቱን በብዙ ሰዓት ያዛባዋል። ሐኪሙ ጠባብ ሰዓት ሲሰጥ የምታዩት ደራሲው አንዱን ተጠርጣሪ ነጻ ሊያወጣላችሁ ሲፈልግ ነው። እሱን ሰው አትልቀቁት።

ፖሊሱም እንዲሁ ነው። እውነተኛ የግድያ ምርመራ በደርዘን የሚቆጠሩ መርማሪዎች አሉት፤ እዚህ ባርናቢና አንድ ሳጅን ብቻ ይሮጣሉ። በ1984ቱ ሕግ መሠረት ተጠርጣሪን ያለ ክስ ማቆየት የሚቻለው 24 ሰዓት ነው፤ በከባድ ወንጀል የበላይ መኮንን ወደ 36 ያራዝመዋል፣ ከዚያ በላይ እስከ 96 ሰዓት ለማቆየት የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ድራማው ይህን ሰዓት አይቆጥርም። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ሌላ ነው፦ ገና ግማሽ ሰዓት ሲቀር የሚታሰረው ሰው ገዳዩ አይደለም። የሚደብቀው ሌላ ነገር፣ ውሽማ ወይም ስርቆት፣ ስላለ ነው የዋሸው።

ከአጻጻፉ ውጪ የሚያሳብቅም አለ። ታዋቂ እንግዳ ተዋናይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ሲጠፋ ለመጨረሻው ትዕይንት ተቀምጧል ማለት ነው። የተከታታዩ ትልቁ ድክመት ደግሞ አሟሟቱን ቀልድ ማድረጉ ነው። በ2005 አንድ ሰው ሣር ሜዳ ላይ ታስሮ በመወንጨፊያ የወይን ጠርሙስ ይዘንብበታል፤ በ2013 አንዲት ሴት በግዙፍ ክብ አይብ ተጨፍልቃ ትሞታለች። ያስቃል፣ ነገር ግን ጥድፊያው ጠፍቷል፤ እንዲህ ያለ ድግስ የሚያሰናዳ ገዳይ የተቻኮለ ሰው አይደለም። እንዲህ ባሉ ክፍሎች የሁለተኛው ሟች ዘዴ አይሠራም፤ ወደ ድሮው በደል ተመለሱና ቅጣቱ ከምን ጋር እንደሚመሳሰል እዩ።

በጥንቶቹ ክፍሎች ሌላ ጉድለት ነበር፦ መንደሩ በሙሉ ነጭ ነው። በ2011 ፕሮዲዩሰሩ ብራያን ትሩሜይ ይህን ለመጽሔት ሲከላከል፣ አናሳ ዘሮች ቢገቡ የእንግሊዝ መንደርነቱ ይቀራል የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ሰጥቶ ከሥራ ታገደ፣ በኋላም ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ ከ2016 ጀምሮ የአስከሬን ሐኪሟን ካም ካሪሞርን የተጫወተችው ማንጂንደር ቨርክ ነበረች።

የአውራጃው ከተማ ኮስተን ሆና የምትታየው በኦክስፎርድሺር ቴምዝ ዳር ያለችው ዋሊንግፎርድ ናት። የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ የኖረችውና በ1976 የሞተችው እዚያው ጠርዝ ላይ ዊንተርብሩክ በሚባል ቤት ውስጥ ነው፤ የተቀበረችው በቅርብ ባለችው ቾልሲ።

አዲስ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የ1997ቱን ክፍል፣ ከዚያ በ2000 የወጣውንና ኦርላንዶ ብሉም ሳይታወቅ በፊት የታየበትን «ጀጅመንት ዴይ»ን፣ ቀጥሎ የደወሎቹን ክፍል እመክራለሁ። ጆን ኔትልስ ቶም ባርናቢን በ81 ክፍሎች ተጫውቶ በ2011 ሲለቅ፣ ኒል ደጀን የአጎቱ ልጅ ጆን ባርናቢ ሆኖ ቦታውን ያዘ። በ2000ው «ጋርደን ኦፍ ዴዝ» ላይ ይኸው ደጀን አትክልተኛ ሆኖ ብቅ ሲል ብታዩ ዝምድና አትፈልጉ፤ ተዋናዩ አንድ ቢሆንም ሰውዬው ሌላ ነው።