መጀመሪያ ደመወዝ፣ ከዚያ ጨርቅ

አዲስ አበባ ውስጥ የስፌት ቤት አለኝ። በዋናነት የምንሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ወቅቱ ሲያልፍ የሆቴል ሽርጥ፣ የጸጉር ቤት ጋውን፣ የጥበቃ ልብስ እንሠራለን። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ። ከእነሱ መሀል ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ እንደ እኔ ፕሮቴስታንትም አለ።

ሥራውን ልጀምር ስል ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዙ ምክር ሰማሁ። ቤቱን አስጸልዪበት፤ ግድግዳው ላይ ጥቅስ ለጥፊ፤ አስራትሽን አትርሺ፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስበሽ ጸልዪ። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። ስለ ደመወዝ ያነሳልኝ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ ቀጣሪ ከመሆኔ በፊት ተቀጣሪ ነበርኩ። ደመወዝ ሲዘገይ አከራይን ፊት ለፊት ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የያዝኩት ዘዳግም 24ን ነው። የድሃውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል። ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽብህ ኃጢአት ይሆንብሃል ይላል።

በእኛ ሥራ ይህንን መፈጸም ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤት ቀብድ ይሰጣል፤ ቀሪውን ልብሱን ከተረከበ በኋላ ይከፍላል። ያ "በኋላ" አንዳንዴ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይሆናል። በሙያው የተለመደው ቀብዱን ይዞ በቀጥታ መርካቶ መሄድ ነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ ይገዛል። ሠራተኛው ትምህርት ቤቱ እስኪከፍል ይጠብቃል።

እኔ ተራውን ገለበጥኩት። ቀብድ ሲገባ ያ ትእዛዝ የሚፈጀውን ደመወዝ አስልቼ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ አዛውረዋለሁ። ከዚያ ሂሳብ ለደመወዝ ካልሆነ ለምንም አይወጣም። በቀረው ብር ጨርቅ እገዛለሁ። ካነሰኝ መርካቶ ያሉ ደንበኞቼን ዱቤ እጠይቃለሁ። የጨርቅ ነጋዴ ዱቤ ይችላል፤ ሥራው ነው። የእኔ ሰፊ ግን አከራይዋን ሦስት ወር ታገሱኝ ማለት አትችልም። ቀብዱ ደመወዙን የማይሸፍን ከሆነ ትእዛዙን አልቀበልም። የራሴን ደመወዝ የምወስደው መጨረሻ ላይ ነው። ምንም የማልወስድበት ወርም አለ።

አስራቴንም የማወጣው ሁሉም ከተከፈላቸው በኋላ ነው። ይህን ስናገር የሚከፋቸው ወዳጆች አሉኝ። "ለእግዚአብሔር ቀዳሚው ነው የሚሰጠው" ይሉኛል። እኔም እስማማለሁ። ግን የሠራተኛዬ ደመወዝ በእጄ ቢሆንም የእኔ አይደለም። የእኔ ካልሆነ ብር ምን ብዬ አስራት አወጣለሁ?

የጡረታው ነገር ያስቸገረኝ በሌላ በኩል ነው። ሕጉ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይላል። ብዙ ትንንሽ ቤቶች ከሠራተኛው ጋር ተስማምተው ይተዉታል። የእኔዎቹም መጀመሪያ አልፈለጉም። "እትዬ፣ እሱን ብር በእጃችን ስጪን" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ የጎደለው ዘይትና ጤፍ ነው እንጂ የ60 ዓመት ጡረታ አይደለም። ብዙ ቀን ተወያየን። በመጨረሻ ደመወዛቸውን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ 7 በመቶው ተቆርጦም በእጃቸው የሚገባው እንዳይቀንስ አደረግሁ። ከበደኝ። የተማርኩት ግን ትክክል የሆነውን ነገር ሸክሙን ሌላው ላይ ጥዬ ላደርገው እንደማልችል ነው። ትክክል ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይቁረጠኝ።

ነሐሴ የእኛ ፈተና ነው። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ወላጅ ሁሉ ልብሱን የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ይህን በትክክል ከፍለህ ነሐሴን በሌሊት ሥራ ልትወጣው አትችልም፤ ትርፉ ያልቃል። መፍትሔው ቀደም ብሎ መጀመር ሆነ። ግንቦት ላይ የታወቁትን መጠኖች ቆርጠን መስፋት እንጀምራለን። ነሐሴ ላይ የሚቀረው ልክ ማስተካከል፣ ቁልፍና ተኩስ ነው። እሁድ ዝግ ነው። ደመወዝ በቀኑ እንደሚገባ ስለሚያውቁ ደግሞ ሰፊ በሚሻማበት ወር ጥላኝ የምትሄድ የለችም ማለት ይቻላል።

ስለ እርግዝና ትንሽ ልበል፤ ሰው በግልጽ አያወራውም እንጂ በሙያችን ያለ ነገር ነው። ልትቀጠር የመጣችን ልጅ "ለማግባት አስበሻል?" ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ምክንያቱ የወሊድ ፈቃዱ ነው። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ለትንሽ ቤት ከባድ ነው፤ አልዋሽም። ግን እሁድ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብዬ ዘምሬ፣ ሰኞ ያን ስጦታ እንደ ጥፋት መቁጠር አልችልም። ጥያቄውን ከቤቴ አስወጣሁት። በምትኩ እያንዳንዱን ማሽን ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲያውቀው አደረግሁ፣ በተለይ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘጋውን ማሽን፣ ኦቨርሎኩን። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ትይዛለች። የደመወዝ ሂሳቡ ላይም ለዚህ ብዬ በየወሩ ትንሽ እጨምራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ስርቆት የተገኘ ዕለት ነው። አንዲት ሠራተኛ ጨርቅ እያወጣች እንደምትሸጥ አረጋገጥኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነበረች። ማቴዎስ 18 ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ሁሉም ከወጡ በኋላ ለብቻዋ አነጋገርኳት። አልካደችም። አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅር አልኳት፤ ከልቤ ነው። ከሥራ ግን አሰናበትኳት።

ይህ ብዙ ሰው አልገባውም። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጭምር ተልኮብኛል፤ "ይቅር ካልሽ መልሻት" ተባልኩ። አልመለስኳትም። ጨርቁ ሲጎድል መጀመሪያ የተጠረጠረችው ሌላ ልጅ ነበረች፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያልሆነች። እህቴ ብዬ አንዷን ባስቀር፣ ለሌላዋ ምን እላታለሁ? ሕጉ እንዲህ ላለ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። የሠራችበትን ቀንና ያልወሰደችውን የዓመት ፈቃድ ቆጥሬ ሰጠኋት። የሥራ ልምድ ወረቀቷ ላይ የሠራችውንና የቆየችበትን ጊዜ ብቻ ጻፍኩ። ምክንያቱን ከእኔ አፍ የሰማ ሠራተኛ የለም። ይቅርታ ማለት ለእኔ ስሟን መጠበቅ፣ ልጆቿን መጠየቅ፣ ቂም አለመያዝ ነው። የማሽኑ ወንበር ሌላ ጉዳይ ነው።

ጉቦም ገጥሞናል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ግዢ የሚሠራ ሰው "እህቴ፣ የእኛም ነገር ይታሰብበት" አለኝ። ዋጋውን ከፍ አድርጌ እንድጽፍና ልዩነቱን እንድሰጠው ነው። እምቢ አልኩ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። አልተመለሰምም። ይህን የምለው በምስክርነት ሰዓት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ሁልጊዜ እምቢ ያለው ሰው በሳምንቱ እጥፍ ሲያገኝ እንሰማለን። ወጣት ነጋዴዎች ይህን ሰምተው ይገባሉ፣ እጥፉ ሳይመጣ ሲቀር እምነታቸው ይናጋል። እኔ ያን ዓመት ያካካስኩት በሽርጥና በጋውን ነው፣ በጣም ደክመን። ጌታ ጠበቀኝ፤ ያ ኮንትራት ግን ቀረ። ደረሰኝም እንደዚያው ነው። "ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?" ለሚለኝ ዋጋው አንድ ነው፣ 15 በመቶው ቫት ተጨምሮ። የሚሄድ ደንበኛ አለ።

ጸሎቱስ? እጸልያለሁ። ከሥራ ሰዓት በፊት፣ በጓዳዋ ክፍል። በሩ ክፍት ነው፤ መግባት የሚፈልግ ይገባል። ማን ገባ ማን ቀረ ብዬ አልመለከትም። ሠራተኞቹን ሰብስቤ የማላስጸልየው በእምነቴ ስለማፍር አይደለም። ደመወዝ የምትከፍልህ ሰው ፊት የሚባል "አሜን" ነፃ አይደለም። ጌታም ማንንም በእንጀራው አስፈራርቶ አልጠራም። ሙስሊሞቹ እህቶች ዓርብ ለጁምዓ የምሳ ሰዓታቸውን ያስረዝሙና ማታ ያካክሱታል። በረመዳን ቀደም ብለው ገብተው ለአፍጥር ይደርሳሉ። ኦርቶዶክሶቹ ሲጾሙ አብረን የምናዘጋጀው ምሳ የጾም ይሆናል። ስለ ጌታዬ የጠየቁኝ አሉ፣ ራሳቸው መጥተው። ያኔ ሁሉንም እናገራለሁ፣ በደስታ።

አሁን የያዘኝ የደመወዙ መጠን ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ገበያው ይህን ያህል ይከፍላል ብሎ መተው ይቻላል። ቆላስይስ 4 ግን ለጌቶች ቅንና ትክክል የሆነውን አድርጉ ይላል እንጂ የገበያውን አይልም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጨርቁም የአስቤዛውም ዋጋ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ከሁለት ሰፊዎች ጋር ቁጭ ብለን የአንድ ቤት የወር ወጪ ጻፍን፤ ኪራይ፣ ታክሲ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ የልጅ ትምህርት። ከዚያ ድምር በታች የምከፍለው ሰው እንዳይኖር ወሰንኩ። የዩኒፎርም ዋጋ ጨመርኩ። የተዉኝ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የቀሩት ከነምክንያቱ ስነግራቸው ተቀበሉ። ትርፌ ቀነሰ።

ወረቀቱን በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንደገና እንጽፈዋለን፣ ለመስከረም ዋጋ ከመስጠቴ በፊት። ዘንድሮ ሰፊዎቹ አንድ መስመር አስጨምረዋል፤ ሕክምና። ቁጥሩን ገና አልተስማማንበትም።