ውሃዬ ሲያልቅ ጌታ ንቦችን ላከልኝ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ነገሩ የሆነው በጸደይ ነው፣ ብቻዬን ኮረብታ ለኮረብታ ስሮጥ።

ሩጫ የጀመርኩት እንቅልፍ ባጣሁበት ጊዜ ነበር። እናቴን ከቀበርኩ ወራት አልፈው እንኳ ሌሊቱ አልነጋ ይለኝ ነበር። ከተራራው ግርጌ ባሉት ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ጠዋት ጠዋት መሮጥ ስጀምር ትንሽ ቀለለኝ። እየሮጥኩ እጸልያለሁ። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ዳገት ላይ ትንፋሹ ከየት ይመጣል?

ጸደይ ሲገባ ያ ደረቅ ምድር ሌላ ይሆናል። አንዳንዱ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡን ሲያገኝ ተቻኩሎ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። በጠጠሩ መሃል የጥፍር ታህል ቢጫ አበባ አለች። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ሐምራዊ። "ምነው እናቴ ብታየው" እላለሁ ሁሌ።

የዚያን ቀን 14 ኪሎ ሜትር ልሮጥ አስቤ ግማሽ ሊትር ውሃ ያዝኩ። አርፍጄ ወጣሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከብርዱ ወራት በኋላ የመጀመሪያው የሚያቃጥል ቀን ነበር። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሙቀት ብርቱ ሯጭን እንኳ የሚጥለው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

9ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃዬ አለቀ። ራሴን አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ከዚያ ክንዴን ሳይ ፀጉሩ ቆሟል። በዚያ ቃጠሎ በረደኝ! ያስፈራኝ ይሄ ነው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የሚያስጠልል ዛፍ የለም። የመጣሁበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

ተንበረከክኩ። ጠጠሩ ጉልበቴን ሲወጋኝ ዛሬም ይታወቀኛል። "ጌታ ሆይ፣ እዚህ አታስቀረኝ። ካወጣኸኝ ለሰው እናገራለሁ" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

አንገቴን እንደደፋሁ አንዲት ንብ በጆሮዬ ሥር አለፈች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አበባ ባለበት ንብ መኖሯ አይገርምም። እነዚህ ግን አበባ ላይ አያርፉም። ሁሉንም እያለፉ በስተግራዬ ወዳለው ስርጥ ቁልቁል ይወርዳሉ። ንብ ሙቀት ሲበረታ ቀፎዋን ለማቀዝቀዝ ውሃ ትቀዳለች። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ልጅ ሳለሁ። ስንት ዓመት ረስቼው ኖሬ በዚያች ደቂቃ ትዝ አለኝ። ማን እንዳስታወሰኝ እኔ አውቃለሁ።

ተቀምጬ እየተንፏቀቅኩ ተከተልኳቸው። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ጥላ ነበር። ጥላው ውስጥ የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት እርጥብ ጭቃ አለች። ንቦቹ ዳር ዳሯን ከበው ይጠጣሉ፤ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል። በጣቴ ጫር ጫር ሳደርገው ውሃ አቆረ። ድፍርስ ስለነበር ልጠጣው አልደፈርኩም። ካናቴራዬን አውልቄ ነከርኩና አናቴ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ብብቴ ሥር አደረግኩት። ሲደርቅ እንደገና ነከርኩት፣ እንደገናም። አንዲትም ንብ አልነደፈችኝም።

ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትል ብርዱ ለቆኝ ነበር። መንገዱም ለየልኝ። ቀስ እያልኩ በእርምጃ ወረድኩ። አጋማሽ ላይ ስደርስ ባለቤቴ በሁለት እጁ ውሃ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ሌላ ቀን ዘግይቼ ብመጣም ሊፈልገኝ ወጥቶ አያውቅም። "እንጃ፣ ዛሬ ቤት መቀመጥ አቃተኝ" አለኝ። እያለቀስኩ ጠጣሁ።

አጋጣሚ ነው ያሉኝ አሉ። አልከራከራቸውም። እኔ የጠራሁትን አውቃለሁ፣ የመለሰልኝንም አውቃለሁ።

እዚያ ጠጠር ላይ ቃል ገብቼ ነበር። ይኸው ተናገርኩ። ክብሩ ሁሉ ለእርሱ ይሁን።